የኒው ሃርመኒ የኅብረት መንደር ታሪክ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነገረ)



ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት ቆመን እንድንናገር የተፈቀደልን በምን ምክንያት እንደ ሆነ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ማኅበራችን ደብተር፥ ሳሙና፥ ስኳርና ይህን የመሳሰለውን ዕቃ በጅምላ ገዝቶ ለአባሎቹ የሚሸጥ የኅብረት ሱቅ ይክፈት ወይስ አይክፈት በሚለው ጥያቄ ላይ በሚመጣው ስብሰባ ድምፅ ይሰጣል። ባለፈው ስብሰባ የተሰሙት ንግግሮች ያማሩ ነበሩ። ስለ ወንድማማችነት ብዙ ተባለ፤ የሱቁን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ፥ ሒሳቡንም ማን እንደሚጽፍ ግን የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ እኛ የጥናት ክበቡ አባሎች፥ ክርክሩን ከመቀጠል ይልቅ፥ ከዛሬ ሁለት መቶ ዓመት በፊት ከኛ እጅግ የሚበልጥ የኅብረት አሳብ ይዘው የተነሡ ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው ለማቅረብ መረጥን። የምንጠራቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናዘዝ። ባለፈው ዓመት አሥር ሆነን ለሻይ የሚሆን ገንዘብ አዋጥተን ነበር። ስኳሩ የጋራ፥ ማንቆርቆሪያው የጋራ፥ ሲኒዎቹም የጋራ ናቸው ተባለ። በመጀመሪያው ሳምንት ሻይ ለማፍላት ሁላችንም እንሽቀዳደም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሲኒ የሚያጥብ ሰው ታጣ። በአምስተኛው ሳምንት ስኳሩ ከታሰበው ቀን በፊት አለቀ፤ ማን እንደ ጨረሰው ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ለጥቂት ጊዜም ሰላምታ ተነፋፈግን። ጥፋቱ የራሳችን እንጂ የማንም አልነበረም። የኒው ሃርመኒን ታሪክ ስናነብ ያ ማንቆርቆሪያ ከዓይናችን አልጠፋም።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ።

የመንደሪቱ መሥራች ሮበርት ኦዌን በ1771 በዌልስ አገር ኒውታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኮርቻ ሠሪ ነበር። ልጁ ገና በአሥር ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በጨርቅ ሱቅ ተቀጠረ፤ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን በማንቸስተር 500 ያህል ሠራተኞች ያሉበትን የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ያስተዳድር ነበር። በ1799 ከሸሪኮቹ ጋራ ሆኖ በስኮትላንድ በኒው ላናርክ የሚገኘውን ፋብሪካ ገዛ፤ በ1800ም አስተዳደሩን በእጁ ያዘ።

በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ፋብሪካዎች ውስጥ የስድስትና የሰባት ዓመት ሕፃናት ከንጋት እስከ ምሽት ይሠሩ ነበር። ኦዌን ዕድሜው ከአሥር ዓመት በታች የሆነ ልጅ በፋብሪካው እንዳይቀጠር ከለከለ፤ የሥራውን ሰዓት አሳጠረ፤ በጅምላ የተገዛ ንጹሕ ዕቃ ከዋጋው ጥቂት ጨምሮ የሚሸጥ ሱቅ አቋቋመ፤ የሱቁንም ትርፍ ለልጆች ማስተማሪያ አዋለው። በ1816 ትልቁ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ከአሜሪካ የሚመጣው ጥጥ ተቋርጦ ፋብሪካው ሥራ ባቆመ ጊዜ እንኳ ለሠራተኞቹ አራት ወር ሙሉ ደመወዛቸውን ከፈለ። ይህን ሁሉ አድርጎም ፋብሪካው ያተርፍ ነበር። ስለዚህ ከየአገሩ ትልልቅ ሰዎች ሊያዩት ይመጡ ጀመር።

ኦዌን ከዚህ አንድ ትምህርት አወጣ፤ ይኸውም የሰው ጠባይ የሚቀረጸው በሚያድግበትና በሚኖርበት ሁኔታ ነው፥ ሁኔታው ቢለወጥ ሰውም ይለወጣል የሚል ነው። በ1820 ባቀረበው ጽሑፍ ከ800 እስከ 1,200 የሚሆኑ ሰዎች መሬቱን፥ ፋብሪካውን፥ ወጥ ቤቱንና ትምህርት ቤቱን በጋራ ይዘው የሚኖሩባቸው መንደሮች እንዲቋቋሙ አሳብ ሰጠ። አሳቡ ትልቅ ነበር፤ እኛም አንንቀውም። ነገር ግን ኦዌን አንድ ነገር የረሳ ይመስለናል። በኒው ላናርክ ያዘዘው እርሱ ነበር፤ የቀጠረውም ያሰናበተውም እርሱ ነበር፤ በየቀኑም ሒሳብ ይጻፍ ነበር። ያ ሥርዓት የመጣው ከሠራተኞቹ መልካም ጠባይ ብቻ አልነበረም።

የእንግሊዝ መንግሥት አሳቡን ስላልተቀበለው ኦዌን ፊቱን ወደ አሜሪካ አዞረ። በዚያም በኢንዲያና ግዛት በዋባሽ ወንዝ ዳር አንዲት የተሠራች መንደር ለሽያጭ ቀርባ አገኘ። መንደሪቱን የሠሯት በሰባኪው በጆርጅ ራፕ የሚመሩ ጀርመናውያን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በ1814 ወደ ሥፍራው መጥተው ጫካውን መነጠሩ፤ በአሥር ዓመትም ውስጥ 180 ያህል ቤቶች፥ ወፍጮዎች፥ የወይን ቦታዎችና የእጅ ሥራ ቤቶች አቆሙ። ሀብታቸው የጋራ ነበር፤ ነገር ግን ሃይማኖታቸው አንድ፥ ቋንቋቸውም አንድ ሲሆን፥ የአንድ መሪ ትእዛዝ ያለ ማጉረምረም ይቀበሉ ነበር። እነርሱ ወደ ፔንሲልቬንያ ለመመለስ ስለ ፈለጉ፥ ኦዌን በ1825 መጀመሪያ መንደሪቱን ከ20,000 ኤከር መሬት ጋራ፥ ማለት በኛ ልክ 200 ጋሻ ከሚሆን መሬት ጋራ፥ ከ120,000 ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ገዛትና ኒው ሃርመኒ አላት፤ ትርጓሜውም አዲስ ስምምነት ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በየካቲትና በመጋቢት ኦዌን በዋሽንግተን በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አዳራሽ ሁለት ጊዜ ንግግር አደረገ። ከአድማጮቹ መካከል ጆን ኵዊንሲ አዳምስ ይገኝ ነበር። በሚያዝያም ወር ኦዌን በኒው ሃርመኒ ለተሰበሰበው ሕዝብ አዲስ ሥርዓት ለማቋቋም መምጣቱን አስታወቀ። በሩን የከፈተው መርጦ ሳይሆን ጠርቶ ነው። የመጡትም ብዙ ዓይነት ሰዎች ነበሩ፤ ቅን አሳብ ያላቸው ነበሩ፤ የተማሩ ነበሩ፤ ሥራ የጠሉ ነበሩ፤ ቤትና ምግብ ብቻ የፈለጉም ነበሩ። ዓመቱ ሳያልቅ ቁጥራቸው ወደ አንድ ሺህ ተጠጋ፤ ቤቶቹም አልበቁም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ማኅበሩ በግንቦት 1 ቀን 1825 ያጸደቀው የመጀመሪያ ደንብ፥ በማናቸውም ዕድሜና በማናቸውም ሁኔታ ያሉ ሰዎች አባል ሊሆኑ እንደሚችሉ ከተናገረ በኋላ፥ ጥቁር ሰዎችን ለይቶ ያስቀራል። ጥቁሮች፥ ካስፈለገ፥ ረዳት ሆነው ሊሠሩ ይችላሉ፤ ወይም ደግሞ በአፍሪካ ወይም በሌላ ሥፍራ ለሚቋቋሙ ማኅበሮች እንዲሆኑ ይሰናዱ ይላል። ስለ ሰው ልጆች ሁሉ እኩልነት በተነገረበት አዳራሽ ውስጥ ይህ ቃል ተጽፎ ጸደቀ። እኛ ይህን ስናነብ መጽሐፉን ዘግተን ለመነሣት ቃጥቶን ነበር። ግን አልተነሣንም፤ ምክንያቱም የአንድ ማኅበር እውነተኛ አሳብ የሚታወቀው ከመግቢያው ንግግር ሳይሆን ማን ይግባ፥ ማን ይቅር ከሚለው አንቀጽ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም። በዚያው ዘመን ፍራንሲስ ራይት የምትባል የኦዌን ወዳጅ በቴኔሲ ግዛት ናሾባ የተባለች መንደር አቋቁማ፥ የተገዙ ባሮች በሥራቸው ነፃነታቸውን እንዲያገኙ ሞክራ ነበር። ያም ሙከራ አልሰመረላትም፤ ሆኖም በ1830 ሰዎቹን ነፃ አውጥታ ወደ ሃይቲ አደረሰቻቸው።

ወደ ኒው ሃርመኒ እንመለስ። ኦዌን ደንቡ ከጸደቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፥ በሰኔ ወር፥ መንደሪቱን ለልጁ ለዊልያም ትቶ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ፤ የተመለሰው በጥር 1826 ነው። በዚህ መካከል ሥራው ምን ይመስል እንደ ነበር የመንደሪቱ ጋዜጣ ራሱ ጽፎታል። ሳሙናና ሻማ በሚገባ ይሠራ ነበር፤ የሸክላው ሥራ ቤትና የማቅለሚያው ቤት ግን ሙያውን የሚያውቅ ሰው በመጥፋቱ ሥራ ፈትተው ቆመው ነበር። ሁለት መቶ ጋሻ መሬት ላላት መንደር ገበሬዎቿ እጅግ ጥቂት ነበሩ። ለመናገር የሚችል ሰው ሞልቶ ነበር፤ ማረሻ የሚይዝ ግን ታጣ።

በጥር 1826 ግን በኦሃዮ ወንዝ የመጣች አንዲት ጀልባ ትልቅ ተስፋ ይዛ ደረሰች። በውስጧ የነበሩት ሊቃውንት ስለ ሆኑ ሰዎች የዕውቀት ጭነት ብለው ጠሯት። ከነዚህም መካከል የአሜሪካን የመሬት አፈጣጠር ካርታ በ1809 ያወጣው ዊልያም ማክሉር፥ የነፍሳትና የዛጎል ተመራማሪው ቶማስ ሴይ፥ ሠዓሊውና የተፈጥሮ ተመራማሪው ሻርል ለሱየር፥ መምህርቲቱም ማሪ ፍረታዦ ይገኙ ነበር። የማክሉር አሳብ ልጆች ከመጽሐፍ ጋራ የእጅ ሥራም የሚማሩበት ትምህርት ቤት ማቋቋም ነበር።

ኦዌን ይህን ባየ ጊዜ ልቡ ሞላ። የመጀመሪያው ደንብ ሦስት ዓመት እንዲቆይ ታስቦ ነበር፤ እርሱ ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላው፥ በየካቲት 5 ቀን 1826፥ ፍጹም የእኩልነት ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ። ሁሉም እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠር፥ ምግቡም ልብሱም ትምህርቱም አንድ ዓይነት ይሁን ተባለ። ብዙ የሠራና ጥቂት የሠራ፥ ሙያ ያለውና የሌለው ድርሻቸው እኩል ሆነ። ሁለት ሳምንት ሳያልፍ አስተዳዳሪዎቹ መምራት ቢያቅታቸው ኦዌን ራሱ ለአንድ ዓመት እንዲመራቸው ለመኑት። እንግዲህ እኩልነቱ ታውጆ ቀለሙ ሳይደርቅ አዛዥ ተፈለገ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ የሳክስ ቫይማር መስፍን በርንሃርድ መንደሪቱን ጎብኝቶ ያየውን ጽፏል። በጭፈራ ምሽት ላይ ከደኅና ቤት የመጡት ለብቻቸው፥ ተራው ሠራተኛም ለብቻው ተቀምጦ አገኛቸው። አንዲት ወጣት ፒያኖ እየመታች ታዜምለት ሳለች፥ ላም የማለብ ተራሽ ደርሷል ተብላ ተጠራች፤ ልጅቱም ዕንባዋ እየተናነቃት ሄደች። ጓደኞቻችን፥ በዚህች ልጅ ላይ መሳቅ ይቀላል። ነገር ግን ላም ማለብ አልለመደችም፤ ያስተማራትም የለም፤ ሥራው ያስከብራል ብሎ የነገራት ንግግር እንጂ ሥራውን አብሯት የሠራ አልነበረም። ከርስዋ ይልቅ ድካም የበዛባቸው ደግሞ ያገቡት ሴቶች ነበሩ፤ ቀን በማኅበሩ ሥራ ውለው ማታ የየቤታቸው ሥራ ይጠብቃቸው ነበር። እኩል ናችሁ መባላቸው አንድም እንስራ አላቀለለላቸውም።

ከዚያ በኋላ መከፋፈል መጣ። ስለ ሃይማኖት ከኦዌን ጋራ ያልተስማሙት ወጥተው ማክሉርያ የምትባል መንደር አቋቋሙ። እርሻ የሚያውቁት እንግሊዛውያንም ፌይባ ፔቬሊ የምትባል ሌላ መንደር መሠረቱ፤ ይህም ስም የቦታውን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሮች ወደ ፊደል በመለወጥ የተሠራ ነው። በሐምሌ 4 ቀን 1826፥ አሜሪካ ነፃነቷን ባወጀችበት በአምሳኛው ዓመት በዓል፥ ኦዌን የአእምሮ ነፃነት አዋጅ ብሎ የግል ሀብትን፥ በዘመኑ የነበረውን ሃይማኖትና በሀብት ላይ የተመሠረተውን ጋብቻ የሰው ልጅ ሦስት ጠላቶች ናቸው ሲል ተናገረ። አዋጁ በየጋዜጣው ብዙ ቍጣ አስነሣ፤ ለመንደሪቱ ግን አንድ ቁና እህል አልጨመረላትም።

የመሬቱም ነገር ገና አልተቈረጠም ነበር። መሬቱን የገዛው ኦዌን ነው፤ ማኅበሩ ዋጋውን ቀስ በቀስ ይክፈል ቢባልም ማን ስንት እንደሚከፍል አልተወሰነም። ኦዌንና ማክሉር ሳይቀሩ በገንዘብ ምክንያት በ1827 ወደ ክስ ደረሱ። ቴይለር ስለሚባል ሰው ደግሞ እንዲህ ተብሎ ይተረካል፤ ከኦዌን ሰፊ መሬት በላዩ ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ ጋራ ተዋዋለ፤ ውሉ በሚጸናበት ዋዜማ ሌሊትም የማኅበሩን ከብትና መሣሪያ እየነዳና እያጋዘ ወደዚያው መሬት አስገባ። ታሪኩ በየጊዜው ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ ሰዎች ሲያወሩት የኖሩት ግን የኦዌንን ጠባይ ስለሚገልጽ ይመስለናል። ሰውን ያምናል፤ ውልን አያነብም።

በመጋቢት 1827 የኦዌን ልጆች በጋዜጣው ላይ ሙከራው አለመሳካቱን አመኑ። በሰኔ ወር መጀመሪያ ኦዌን ከመንደሪቱ ወጣ። ከሀብቱ አምስት እጅ አራቱን እንዳጠፋበት ይነገራል። ልጁ ሮበርት ዴል ኦዌን በ1874 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ምክንያቱን ሲመረምር፥ ሰዎቹ ሳይመረጡ መሰብሰባቸውን፥ ባለሙያውና ሰነፉም እኩል መካፈላቸውን ይወቅሳል፤ በዚህ ዓይነት ጐበዙ ሠራተኛ እየተወ ይሄዳል፥ የሚቀረው ሌላው ነው ይላል።

ከዚህ ላይ ብናበቃ ንግግራችን ኅብረት አይሆንም ለሚሉት ጥሩ ስንቅ በሆነ ነበር። ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም። ማኅበሩ ሲፈርስ ትምህርቱ ቀረ። ቶማስ ሴይ እስከ ሞተበት እስከ 1834 ድረስ በኒው ሃርመኒ ተቀምጦ ስለ አሜሪካ ዛጎሎች የጻፈውን መጽሐፍ በመንደሪቱ ትምህርት ቤት ማተሚያ አሳተመ። የኦዌን ልጅ ዴቪድ ዴል ከዚያው ተነሥቶ የታወቀ የመሬት አፈጣጠር መርማሪ ሆነ። ሮበርት ዴልም የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ በ1846 የስሚትሶኒያን ተቋም የተመሠረተበትን ሕግ ለምክር ቤቱ ካቀረቡት አንዱ ነበር። ማክሉር በ1838 ለሠራተኞች ያቋቋመው ቤተ መጻሕፍት ዛሬም ክፍት ነው። ለምን ይህ ቀረ? እንደሚመስለን፥ ትምህርት ቤቱና ቤተ መጻሕፍቱ እያንዳንዳቸው አንድ የታወቀ ሥራ፥ አንድ የታወቀ ኃላፊ፥ ለሥራውም የተመደበ ገንዘብ ስለ ነበራቸው ነው።

ሌላም ልጅ አለ። በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች፥ ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች፥ አንዳንድ ፓውንድ አዋጥተው የኅብረት ሱቅ አቋቋሙ። ከነርሱም አንዳንዶቹ የኦዌን ተከታዮች ነበሩ። በታኅሣሥ 21 ቀን ሲከፍቱት በሱቁ ውስጥ የነበረው ቅቤ፥ ስኳር፥ ዱቄት፥ የአጃ ዱቄትና ሻማ ብቻ ነበር። የሰውን ልጅ ጠባይ እንለውጣለን ብለው አላወጁም። ደንባቸው ግን የማያሻማ ነበር፤ ዕቃው ያልተቀላቀለ፥ ሚዛኑም ትክክል ይሁን፤ ዱቤ አይሰጥ፤ ትርፉ እያንዳንዱ በገዛው መጠን ይከፈል፤ ወንድም ሆነ ሴት ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ይሁን፤ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ለሁሉ ይነበብ። በዓለም ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበሮች ዛሬ የሚመሩባቸው ደንቦች በብዙው ከዚያች ትንሽ ሱቅ የተወረሱ ናቸው።

ውድ ጓደኞቻችን፥ ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችንና አባቶቻችን የሚገቡበትን እድር እንመልከት። በእድር ውስጥ ስለ ወንድማማችነት ረጅም ንግግር አይደረግም። ወርኀዊው መዋጮ የታወቀ ነው፤ ዳኛው፥ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የታወቁ ናቸው፤ ድንኳኑን የሚተክለው ተረኛ የታወቀ ነው፤ የቀረም መቀጮ ይከፍላል። ወንድማማችነቱ የሚታየው ሐዘን በደረሰ ቀን ነው፤ ያን ቀን ድንኳኑ ከየት ይምጣ ብሎ የሚጨነቅ የለም።

እንግዲህ ለሚመጣው ስብሰባ የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። እኛ ሱቁ እንዲከፈት ድምፅ እንሰጣለን። ነገር ግን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመለሱ እንላለን። አንደኛ፥ አባል የሚሆነው ማን ነው፥ የሚቀረውስ ማን ነው፥ ለምን? ገንዘብ የሌለው ተማሪ ወይም ከሌላ ክፍል የመጣ ተማሪ በአንቀጽ ተደብቆ እንዳይቀር። ሁለተኛ፥ ዕቃ የሚሸከመው፥ ወለል የሚጠርገው፥ ሚዛን የሚይዘው ማን ነው፥ በምንስ ተራ? ይህ ሥራ ለሴት ተማሪዎች ብቻ ወይም ለአዲስ ገቢዎች ብቻ እንዳይጣል። ሦስተኛ፥ ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢጐድል የማን ዕዳ ነው? አራተኛ፥ ሒሳቡ በየስንት ጊዜው ለጉባኤው ይነበባል?

ለነዚህ መልስ ካለን ሱቁ ትንሽ ቢሆን አንፈር፤ በሮችዴል የተጀመረው በአምስት ዓይነት ዕቃ ነው። መልስ ከሌለን ግን 200 ጋሻ መሬትና ሊቃውንት የሞሉባት ጀልባ ቢሰጡንም አይበቁንም። እኛ በበኩላችን የመጀመሪያውን ወር የጠረጋ ተራ ለመውሰድ ስማችንን ለጸሐፊው ሰጥተናል። ያችን የሻይ ማንቆርቆሪያም አጥበን ለሱቁ እናስረክባለን።